ለ4 በ5 ካሜራ የትኞቹን ሌንሶች ልግዛ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። በቅርቡ ያገለገለ የእንጨት 4 በ5 ካሜራ (በ4 በ5 ኢንች ቁራጭ ፊልም የሚያነሣውን ትልቁን) ገዛሁ፤ ከአንድ የ150 ሚሊ ሌንስ ጋር ነው የመጣው። በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው ተጣጣፊ ወናፍ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 300 ሚሊ ያህል ይሆናል። ማንሳት የምፈልገው ተራሮቹን፣ የከተማውን የድሮ የጡብ ሕንፃዎች፣ ከሁሉ በላይ ግን አባቴንና እኩዮቹን ነው። ለገና ላሊበላ የመሄድ ሐሳብም አለኝ። አንድ ወዳጄ ‹65፣ 90፣ 135፣ 210 እና 300 ከሌለህ ሥራ አትጀምር› አለኝ። በጀቴ 1,200 ዶላር ነው። የትኛውን ላስቀድም? ኤፍ 4.5 እና 5.6 የሆኑትን ልፈልግ ወይስ ኤፍ 8 ይበቃኛል?»

መልስ፦ ያለህን 150 ያዝ። 90 ሚሊ ኤፍ 8 እና 210 ሚሊ ኤፍ 5.6 ጨምርበት። እዚያ ላይ ቁምና የተረፈውን ገንዘብ ፊልም ግዛበት። የወዳጅህ ዝርዝር ለስቱዲዮ ሰው ያስኬዳል፤ ካሜራው ከቦታው ለማይነሣ፣ ወናፉ ግማሽ ሜትር ለሚዘረጋ፣ ደንበኛው ለሚከፍለው ሰው። ያንተ ካሜራ ታጥፎ ጀርባ ላይ የሚታዘል ስለሆነ ከአምስቱ ሁለቱ ጨርሶ አይሆኑትም፣ አንዱ ደግሞ ትርፍ ነው። ምክንያቱን ላስረዳህ፤ ምክንያቱ ከገባህ ነገ ሌላ ካሜራ ብትገዛም ራስህ ትመርጣለህ።

ከትንሹ የ35 ሚሊ ፊልም ካሜራ የመጣ ሰው ሌንስ ሲገዛ የሚያየው ሚሊውን (የትኩረት ርቀቱን) እና ኤፉን (ምን ያህል እንደሚከፈት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይሰፋል) ነው። እዚህ ግን ሁለቱም በኋላ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌንሱ የሚጥለው የምስል ክብ ምን ያህል ይሰፋል፣ ወናፌስ ይህን ሌንስ እስከ ምን ድረስ ይችለዋል የሚለው ነው። ሚሊውን በለመድከው ለማሰብ ያህል፣ የሁለቱን ፊልሞች ረጅም ጎን አነጻጽረህ ሚሊውን ለ3.3 አካፍለው፤ 90ው እንደ 27፣ 150ው እንደ 45፣ 210ሩ እንደ 63 ሆኖ ታየዋለህ። ከዚህ የበለጠ ማነጻጸር አያስፈልግም፤ የፊልሙ ቅርፅ ስለሚለያይ ስሌቱ ሁሌም ትንሽ ይዋሻል።

አሁን ወደ ክቡ። 4 በ5 ኢንች የሚባለው ፊልም ዳር ዳሩን ሆልደሩ (የፊልሙ መያዣ) ስለሚይዘው ምስል የሚያርፍበት ቦታ 96 በ120 ሚሊ ገደማ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ብትለካው 154 ይሆናል። ሌንስ ምስሉን የሚጥለው ክብ አድርጎ ነው። ክቡ 154 ብቻ ከሆነ ፊልሙን በጭንቅ ይሸፍነዋል፤ ሌንሱን ትንሽ ከፍ ስታደርገው ጥጎቹ ይጠቁራሉ። የዚህ ካሜራ ጥቅም ሌንሱን ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ፣ ዘንበል ቀና ማድረግ መቻሉ ነው፤ ያንን ሁሉ የሚፈቅድልህ ከፊልሙ ተርፎ በዙሪያው የሚቀረው ክብ ነው።

በምሳሌ ላሳይህ። መሃል ዴንቨር ላይ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ የጡብ ሕንፃ አለ እንበል። አንተ ከመንገዱ ማዶ 20 ሜትር ርቀህ ፊልሙን በቁመቱ አድርገህ ቆመሃል። በ150ው ስታየው የሕንፃው ምስል ከካሜራው ጀርባ ባለው የማተኮሪያ መስታወት ላይ 15 ሲባዛ በ150፣ ሲካፈል ለ20፣ 112 ሚሊ ያህል ይሆናል። ፊልምህ 120 ስለሆነ በጥቂት ትርፍ ይገባል። ካሜራህ ግን ያለው 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን የሕንፃው ወገብ 7.5 ላይ ነው። ካሜራውን ሽቅብ ብታዘነብለው ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ስለዚህ በውሃ ልክ ታቆመውና ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ታነሣዋለህ። ስንት? የ6 ሜትሩ ልዩነት ሲባዛ በ150፣ ሲካፈል ለ20፤ 45 ሚሊ። የሕንፃውን ጫፍ ከፊልሙ ጠርዝ ጋር ብታጣብቀው እንኳ 41 ያስፈልግሃል።

ሌንስህ ይህን ይችላል? ሒሳቡ ቀላል ነው። የክቡን ግማሽ በራሱ አባዛው፤ ከውጤቱ ላይ 48 በ48 ተባዝቶ የሚሰጠውን ቀንስ፤ የቀረውን ስኩዌር ሩት አውጣና 60 ቀንስለት። ፊልሙ በቁመት ሲሆን የምታገኘው የማንሻ ልክ እሱ ነው። ኒኮር ደብልዩ 150 እና ሽናይደር ሲማር ኤስ 150 ሁለቱም ክባቸው 210 ሚሊ ነው፤ ሒሳቡ 33 ይሰጥሃል። ስለዚህ ለዚያ ሕንፃ አይበቁም፤ የላይኞቹ ሁለት ጥጎች ይጠቁራሉ። ሮደንሽቶክ አፖ ሲሮናር ኤስ 150 ክቡ 231 ነው፤ እሱ 45 ይሰጥና ልክ ልኩን ያደርሰዋል። በዋጋ ግን ከሌሎቹ በጣም ይርቃል። በ90ው ብታየውስ? ሕንፃው 67 ሚሊ ብቻ ስለሚሆን 27 ሚሊ ማንሣት መሃል ያደርገዋል፤ ርካሹ ሱፐር አንጉሎን 90 ኤፍ 8 በ216 ክቡ 36 ይችላል። ለሕንፃ 90 ግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው። ብዙ ማሳየቱ ብቻ አይደለም፤ የማንሻ ነፃነትም ይሰጥሃል።

ያንተ 150 የትኛው እንደሆነ አልነገርከኝም፤ ከፊት መስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ዜናር ወይም ቴሳር የሚል ከሆነ ክቡ 170 ገደማ ነው፤ ማንሻህ 10 ሚሊ ብቻ ይሆናል። ቴሳር ፖል ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1902 ለጀርመኑ የሌንስ ኩባንያ ለዛይስ የቀረጸው ባለ አራት መስታወት ሌንስ ነው፤ ጥራቱ ዛሬም አያሳፍርም፣ ለሰው ፊት እንዲያውም ደስ ይላል፣ ክቡ ግን ጠባብ ነው። ሲማር፣ ሲሮናር፣ ኒኮር ደብልዩ ወይም ፉጂኖን ደብልዩ ከሆነ ባለ ስድስት መስታወቱ ፕላስማት የሚባለው ዓይነት ነውና ቀይረው የሚልህን አትስማ። ቀለበቱ ላይ 150 እና 265 ሁለቱም ከተጻፉ ደግሞ ተቀያያሪው የድሮ ሲማር ነው፤ የፊቱን ክፍል ፈትተህ ስታወጣው 265 ሚሊ ኤፍ 12 ይሆናል። ሞክረው፣ ግን እንደ ሁለተኛ ሌንስ አትቁጠረው፤ ምስሉ ይለሰልሳል፣ ወናፍህም ላይበቃው ይችላል።

በነገራችን ላይ ክቡ ማለቁን ለማወቅ ቁጥር መሸምደድ አያስፈልግም። የማተኮሪያ መስታወትህን አራት ጥጎች እያቸው፤ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ተቆርጠዋል። ሌንሱን አንሥተህ፣ ዲያፍራሙን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 22 ላይ ዘግተህ፣ ዓይንህን በተቆረጠው ጥግ አስጠግተህ በወናፉ ውስጥ ወደ ሌንሱ ተመልከት። የምታየው የብርሃን ቀዳዳ ሙሉ ከሆነ ጥጉ ብርሃን ያገኛል። እንደ ሎሚ ቁራጭ ከቀጠነ ወይም ከጠፋ ሌንሱን ወደ ታች መልሰው። የላይኛው የሕንፃ ክፍል የሚያርፈው በታችኞቹ ጥጎች ስለሆነ የምታየው በእነሱ ነው፤ ምስሉ ተገልብጦ መሆኑን አትርሳ። ይህን የማያደርግ ሰው ፊልሙን አሳጥቦ ነው ጥቁሩን የሚያየው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወናፉ ነው። ሩቅ ነገር ለማጥራት ሌንሱ ከፊልሙ የሚርቀው በሚሊው ያህል ነው፤ ቅርብ ነገር ስትፈልግ ግን ወደ ፊት ይወጣል፣ ወናፉም ይዘረጋል። አንድን ነገር በራሱ መጠን ፊልም ላይ ለማሳረፍ የሚሊውን እጥፍ ትዘረጋለህ። 300 ሚሊ ወናፍ ላይ 210 ስትጭን እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ድረስ መቅረብ ትችላለህ፤ ለፊት ይተርፋል። 240 ስትጭን ገደብህ 1.2 ሜትር ነው፤ እሱም ይበቃል። 300 ስትጭን ግን በጣም ሩቅ ካለው በቀር ምንም ነገር አይጠራልህም፤ ወናፉ እስከ ጥግ ስለሚወጠር የፊተኛው ክፍል ይወዛወዛል፣ ለማዘንበልም ቦታ አይኖርህም። ነፋስ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትሞክረው። 300ውን ከዝርዝርህ ሰርዝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሌንሱማ መልካም ነው፤ ኒኮር ኤም 300 ኤፍ 9 ከሦስት መቶ ግራም በታች የሚመዝን፣ ሰው የሚወደው ዕቃ ነው። ሌላ ካሜራ ስትይዝ ግዛው።

«ተራራውንስ በምን ላቅርብ?» ትለኝ ይሆናል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፉጂኖን ኤ 240 ኤፍ 9 ነው፤ ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ኮፓል 0 በሚባለው ትንሹ ሸተር (የብርሃን መክፈቻና መዝጊያ) ላይ ይቀመጣል፣ ክቡ 336 ሚሊ ስለሆነ እንደ ልብህ ታንቀሳቅሰዋለህ። ተራራ የሚወጡ ሰዎች በሙሉ ስለሚፈልጉት ዋጋው አይቀመስም። ሌላው ቴሌፎቶ ነው፤ ከሚሊው ያነሰ ወናፍ የሚበቃው ረጅም ሌንስ ማለት ነው። ኒኮር ቲ 360 ኤፍ 8 የሚፈልገው ወናፍ 261 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ባንተ ካሜራ እስከ 4 ሜትር ገደማ ይጠራል። ከባድ ነው፣ ትልቁ ሸተር ኮፓል 3 ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ለእንጨት ካሜራ አፍንጫ ይከብዳል። ስታዘነብለውም ምስሉ መስታወቱ ላይ ይሸሽብሃል፤ እንደገና መፈለግ አለብህ። እኔ አንተን ብሆን ለአሁኑ ሁለቱንም እተዋለሁ። ከ4 በ5 ኔጋቲቭ ላይ መሃሉን ቆርጠህ ብታሳድገው የ210ሩ ተራራ ይበቃሃል።

አሁን ወደ አባትህ እንምጣ፤ ጥያቄህ ላይ «ከሁሉ በላይ» ያልከው እሱን ነውና 210ሩን ከ240ው ያስበለጥኩት በእሱ ምክንያት ነው። ራስና ትከሻ፣ ማለት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት፣ ፊልሙን እንዲሞላ ከፈለግህ በ150ው 90 ሳንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት አለብህ። ያን ያህል የተጠጋ ሌንስ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሸሻል፤ ሰውዬውም ይጨነቃል። በ210ሩ 1.26 ሜትር ላይ ትቆማለህ፤ ፊቱም ይረጋጋል፣ እሱም ይረጋጋል። ወናፉ ያኔ 252 ሚሊ ይሆናል። ብርሃኑ በዚያ መጠን ስለሚሳሳ በብርሃን መለኪያህ ላይ ግማሽ ስቶፕ ጨምር (አንድ ስቶፕ የብርሃኑ እጥፍ ነው)፤ 252ን ለ210 አካፍለህ በራሱ ስታባዛው 1.44 ይሰጥሃል፣ ግማሽ ስቶፕ ማለት ያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ሌንሱን ይወቅሳል።

ኤፍ 5.6 ለምን እንደሚረዳህ የሚገባህም እዚሁ ነው። በዚያ ርቀት ላይ ኤፍ 5.6 የሚያጠራልህ ጥልቀት 3 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው፤ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። ኤፍ 11 ብታደርገው ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። እኔ ለሽማግሌ ፊት ኤፍ 8 እና 11 መሃል እወዳለሁ፤ ሽበቱም ይታያል፣ ከኋላ ያለው ግድግዳም ዝም ይላል። ችግሩ አተኩረህ ከጨረስክ በኋላ ሆልደሩን እስክትከት፣ ሸተሩን እስክትወጥር፣ ክዳኑን እስክትስብ ድረስ ሰውዬው ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት መምጣቱ ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጠው። ከትራይፖዱ ላይ ቀጭን ክር እሰርና ባተኮርክበት ጊዜ ጫፉ ጉንጩን እንዲነካ አድርገህ ቋጥረው፤ ልታነሣው ስትል ክሩን ወጥረህ ቦታው መሆኑን ታረጋግጥና ትለቀዋለህ። የድሮ ዘዴ ነው፤ ሽማግሌዎችን ያስቃቸዋል፣ ከሣቁ በኋላ ደግሞ ፊታቸው ጥሩ ነው።

ከሰው ፊት ውጭ ግን ኤፍ 4.5 እና 5.6 ለማየት እንጂ ለማንሣት አይደሉም። ተራራም ሕንፃም የምታነሣው ኤፍ 22 ላይ ነው፤ የሌንሶቹ ክብ የሚለካውም እዚያው ላይ ነው። ሰፊ የተከፈተ ሌንስ መስታወቱን ያበራልሃል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። የዚያ ዋጋ ደግሞ ይከብዳል፤ ኒኮር ኤስ ደብልዩ 90 ኤፍ 8 360 ግራም ሲመዝን ኤፍ 4.5 የሆነው ወንድሙ 600 ግራም ነው። ክባቸው እኩል 235 ነው። የማጣሪያቸው ስፋት 67 እና 82 ሚሊ ነው፤ ይህ ማለት ማጣሪያ ስትገዛም ትከፍልበታለህ። ጨለማ ቤት ውስጥ ብዙ የምትሠራ ካልሆንክ ኤፍ 8 ግዛ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጨርቅና ደህና ማጉያ መነጽር ልዩነቱን ያካክሱታል።

90ውን ስትፈልግ አንድ ወጥመድ አለ። አንጉሎን እና ሱፐር አንጉሎን አንድ አይደሉም። አንጉሎን 90 ኤፍ 6.8 ትንሽዬ የድሮ ሌንስ ነው፤ ኪስ ይገባል፣ 4 በ5ን ግን ጠርዝ ለጠርዝ ነው የሚሸፍነው፣ ማንሻ የለውም ማለት ይቻላል። ሻጮች አንዳንዴ ባለማወቅ፣ አንዳንዴ እያወቁ «ሱፐር» የምትለዋን ቃል ይጨምሩበታል። ኤፉን አይተህ ትለያቸዋለህ፤ 6.8 ከሆነና ስሙ ሽናይደር ከሆነ ሱፐር አይደለም። የሮደንሽቶክ ግራንዳጎን ኤን 90ም ኤፍ 6.8 ነው፣ እሱ ግን ክቡ 221 የሆነ ሙሉ ሌንስ ነውና አታምታታው።

ሰፊ ሌንስ ጥጉ ላይ ብርሃን ያንሰዋል፤ በተለይ ብዙ ካነሣኸው። ጥቁርና ነጭ ወይም ባለ ቀለም ኔጋቲቭ የምትጠቀም ከሆነ በማተም ጊዜ ታስተካክለዋለህ። ስላይድ ፊልም ላይ ግን መሃሉን የሚያጨልም ማዕከላዊ ማጣሪያ የግድ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ከሌንሱ እኩል ሊያወጣ ይችላል። ኔጋቲቭ ተጠቀም።

65ውን የሰረዝኩት፣ ኤፍ 8 የሆነው ሱፐር አንጉሎን 65 ክቡ 155 ብቻ ስለሆነ ነው፤ ምንም አያንቀሳቅስም። ኤፍ 5.6 የሆነውም 170 ነው። በዚያ ላይ ሌንሱ ፊልሙን ሊነካ ምንም ስለማይቀረው የእንጨት ካሜራ ወናፍ ተጨማድዶ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ወደ ውስጥ የገባ ሰሌዳም (ሌንሱ የሚታሰርበት) ያስፈልጋል። 135ቱስ? ከ150 ጋር የሁለት እርምጃ ልዩነት ነው፤ በእግርህ ሂድና አምጣው። በሁለት ሌንሶች መካከል ቢያንስ የአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ልዩነት ካልኖረ ሁለተኛውን ቦርሳ ውስጥ ነው የምታኖረው። 150 እና 210 ከዚህ ትንሽ ቢያንሱም ለፊት ስለሆነ አልፌዋለሁ።

ስለ ስም፦ ሽናይደር፣ ሮደንሽቶክ፣ ኒኮን፣ ፉጂ፤ ከአራቱ አንዱ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት የሠራውን ማንኛውንም ግዛ። ፊልሙ ላይ ማን እንደሠራው የሚለይ ሰው አላየሁም። ሁሉንም ከአንድ ቤት ካልገዛህ ቀለሙ ይለያያል የሚልህ ካለ፣ በኔጋቲቭ ዘመን ያለፈበት ወሬ ነው።

ከስም ይልቅ ሸተሩን መርምር፤ ሌንሱ ሃምሳ ዓመት ይኖራል፣ የሚታመመው ሸተሩ ነው። ኮፓል አዲስ መሥራት ስላቆመ ጤነኛ ሸተር ራሱ ሀብት ነው። ሻጩ አጠገብ ከሆነ 1 ሰከንድ ላይ አድርገህ ልቀቀው። ውስጥ ያለው የማርሽ ድምፅ ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት፤ መሃል ላይ ካቃሰተ ወይም ክፍት ሆኖ ከቀረ ቅባቱ ደርቋል፣ የማጽጃውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ቀንስ። ከርቀት የምትገዛ ከሆነ ሻጩን ግማሽና አንድ ሰከንዱን በስልክ ቪዲዮ ቀርጸህ ላክልኝ በለው፤ እምቢ ካለ እለፈው። ሲደርስህ ድምፁን ስልክህ ላይ ቅዳና በመክፈቻውና በመዝጊያው ድምፅ መካከል ያለውን ጊዜ ለካ። አንድ መቶ ሃያ አምስተኛው በተግባር ዘጠናኛ ሆኖ ብታገኘው አትደንግጥ፤ ሁልጊዜ ዘጠናኛ ከሆነ ጻፈውና ተጠቀምበት። የሚያስቸግረው በየጊዜው የሚለዋወጠው ነው።

መስታወቱን በእጅ ባትሪ ከኋላ አብርተህ እየው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካለ ተወው። ጭጋግ ካለ የሚጸዳ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ርካሽ ካልሆነ አትሞክር። የሽናይደር ሌንሶች ጠርዝ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ብታይ ግን የውስጡ ጥቁር ቀለም እየተላቀቀ ነው እንጂ መስታወቱ አልተነካም፤ ፎቶው ላይ አይታይም። እሱን ለዋጋ መከራከሪያ አድርገው። የፊት መስታወት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ምንም አይደለችም፣ የኋላው ላይ ያለች ግን ትታሰባለች።

ሰሌዳውን አትርሳ። ካሜራህ ምናልባት የሊንሆፍ ቴክኒካ ዓይነት 96 በ99 ሚሊ ሰሌዳ የሚወስድ ነው፤ ለካው። ኮፓል 0 34.6 ሚሊ፣ ኮፓል 1 41.6፣ ኮፓል 3 65 ሚሊ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። 90 ኤፍ 8 ብዙውን ጊዜ 0 ላይ፣ 210 ኤፍ 5.6 ደግሞ 1 ላይ ነው የሚመጡት። ሌንሱን ከኋላ የሚያስረው ቀለበት አብሮ መኖሩን ጠይቅ፤ ያለ እሱ የመጣ ሌንስ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም ሌንሶች ያገለገሉ ከሆኑ እያንዳንዳቸው ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ከበጀትህ ለፊልም፣ ለሆልደርና ለሸተር ማጽጃ ይተርፍሃል። መጀመሪያ 90ውን ወይም 210ሩን፣ ሕንፃውና አባትህ የትኛው እንደሚቀድም አንተ ታውቃለህ። ሁለቱን በአንድ ቀን ግን አትግዛ።

ላሊበላን በተመለከተ። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደህ ከግድግዳው 6 ሜትር ርቀህ ቆምክ እንበል፤ በ90ው ምስሉ 180 ሚሊ ይሆናል፣ ፊልምህ 120 ነው። ለ65 እንኳ 130 ነውና አይገባም። ስለዚህ ከታች ሙሉውን ሕንፃ ለማግኘት አትድከም፤ ከታች የምታነሣው የግድግዳውን ማዕዘን፣ መስኮቶቹን፣ ዓለቱ ላይ የቀረውን የመጥረቢያ ምልክት ነው፣ ለእሱ 150 ይበቃል። ሙሉውን የምታገኘው ከላይ ከአፋፉ ነው። እዚያም በ150 ቁልቁል ተመልከት፤ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል የሚታየው ቁልቁል ስታይ ስለሆነ መስመሮቹ ወደ ታች ቢጠቡ ተፈጥሯቸው ነው፣ ልታስተካክላቸው አትሞክር። የፊቱን የዓለት ጠርዝም ሕንፃውንም አብረህ ለማጥራት ከፈለግህ ግን ሌንሱን በጥቂቱ አዘንብል። በኦስትሪያው መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም የሚጠራው ሕግ፣ ሌንሱ ሲዘነብል የሚጠራው ገጽ አብሮ ይዘነብላል የሚለው፣ እዚህ ይረዳሃል፤ ካሜራህ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ሜዳ ሲያነሣ 150ው የሚፈልገው ማዘንበል 6 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ብዙ ጀማሪ 20 ዲግሪ ያዘነብልና ሁሉንም ያደበዝዛል።

90ው የሚያስፈልግህ ውስጥ ነው፤ የቤተ ማርያምን ዓምዶችና ሥዕሎች። ጨለማ ነው፣ ኤፍ 8 ላይ መስታወቱ ምንም አያሳይህም። አብሮህ ያለ ሰው ዓምዱ አጠገብ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቁምልህ፤ የመብራቱን ነጥብ አተኩርባትና መብራቱን አጥፉት። ፍላሽ አይሁን፤ ትራይፖድ ለመትከልም አስቀድመህ ከቤተ ክርስቲያኑ ፈቃድ ጠይቅ። ቤተ ማርያምን ጨምሮ አምስት አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ መከላከያ ትላልቅ ጣሪያ እንደተሠራባቸው እወቅ፤ ከውጭ ስታነሣቸው ምሰሶዎቹ ይገባሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ የለም።

የገና ዕለት ግን ትልቁን ካሜራ ማደሪያህ ተወው። ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ሕዝቡ አፋፉን ሞልቶት ነው የሚቆመው፤ ሦስት እግር የምትተክልበት ስንዝር መሬት አታገኝም፣ ብታገኝም ሰው ያደናቅፋል። ያን ቀን በትንሽ ካሜራ ወይም በዓይንህ እየው፤ ምእመኑ ወደ አገሩ ሲመለስ በማግስቱና በሣልስቱ ጠዋት ጠዋት ሥራ። 90ውንና 150ውን ብቻ ይዘህ ሂድ፣ 210ሩን አባትህ ጋ ዴንቨር አስቀምጠው። ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ አትላክ፤ በእጅህ ያዘውና ፍተሻ ላይ ፊልም የሚጎዳው አዲሱ ሲቲ ስካነር (ኃይለኛ የራጅ መፈተሻ) ካለ በእጅ እንዲያዩልህ በትሕትና ለምን። ሳጥኑ ከተከፈተ ፊልሙ እንደሚበላሽ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ላዩ ላይም በእንግሊዝኛና በአማርኛ በትልቁ ጻፍበት።